ተዋናይት ልሁን ለምትል ልጅና ለቤተሰቧ፦ ከሐዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሠርቻለሁ። በመሀል ጥቂት ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ላይም ታይቻለሁ። ወደ ተወለድኩባት ሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃገረዶችን ትወና አለማምዳለሁ። ጥያቄው አያልቅም። ልጆቹ በልምምድ መሀል ይጠይቁኛል፤ እናቶች በር ላይ ቆመው፣ አባቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ደውለው። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ልጄ ተዋናይት ልሁን አለችኝ። ምን ልበላት?

መጀመሪያ ስትሠራ ሄደው ይዩዋት። ከዚያ በኋላ ነው ንግግሩ የሚያምረው።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሥራውን ሳይሆን በሥራው ዙሪያ የሚወራውን ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ወደ ታች ስለ እሱ በግልጽ ጽፌያለሁ። ግን የተከለከለች ልጅ ተደብቃ ትሄዳለች። ተደብቃ የሄደች ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ቢገጥማት ቤት ገብታ መናገር አትችልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። እናቷ ልምምድ ቤቱን የምታውቀው፣ አባቷ የአዘጋጁን ስልክ የያዘላት ልጅ እጅግ የተሻለ ጥበቃ አላት።

ትምህርቷን ካሰቡ ደግሞ፣ ልምምድ ላይ በሰዓቷ የምትገኝና በሳምንት ሃያ ገጽ ቃለ ተውኔት በቃሏ የምትይዝ ልጅ ፈተና አይከብዳትም።

ድሮ ተዋናይት መባል ስድብ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከዚያም በፊት ጭራሽ ተዋናይት አልነበረችም። ዘመናዊ ቴአትር አገራችን ሲገባ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወታት ቀሚስ የለበሰ፣ ሻሽ ያሰረ ወንድ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሴት በአደባባይ ቆማ ሌላ ሴት ሆና መታየቷ የማይታሰብ ነገር ነበር።

ይህን ከለወጡት መካከል ስሟ በቅድሚያ የሚነሳው አስናቀች ወርቁ ናት። አዲስ አበባ ተወለደች፤ እናቷን ገና በሕፃንነቷ አጣች፤ ክራርን ራሷን በራሷ አስተማረች። በ1940ዎቹ አጋማሽ የሴት ገጸ ባሕርይ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈት ደግሞ እዚያ እየተወነችም እየዘፈነችም ኖረች።

ልጆቼ ክራሩ ለምን እንደሚያስገርመኝ አይገባቸውም። በገና የጸሎት፣ ክራር የመጠጥ ቤት ተደርጎ የሚታይበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ክራር ይዛ የምትዘፍን፣ በዚያ ላይ በሰው ፊት የምትተውን ሴት ስድቡ ከሁለት በኩል ይመጣባታል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ያኔ እንዴት ይወረወር እንደነበር የሚያስታውሱ አሁንም አሉ። እሷ ግን ሁለቱንም ይዛ ዘለቀች። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው፤ ክራሯንና ድምፅዋን ዛሬም መስማት ይቻላል። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው።

አንድ ቅዳሜ ይህን ታሪክ ከነገርኳቸው በኋላ አብሮን የሚለማመድ ወንድ ልጅ የእናትን ክፍል እንዲያነብ አደረግሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ያንኑ ገጽ አንዷ ልጅ አነበበችው። «ልጄ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ አስናቀች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

መድረክ ይሻለኛል ወይስ ፊልም?

ሁለቱንም ሥሪ፤ መጀመሪያ ግን መድረክ። ምክንያቴን ላስረዳ።

መድረክ ላይ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። መጋረጃው ሲከፈት የጀመርሽውን ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሸክመሽ ትጨርሻታለሽ። ማንም «ይቁም፣ እንደገና» አይልሽም። በዚያ ላይ ትደጋግሚዋለሽ። የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አሠራር ለተዋናይ ትልቅ ትምህርት ቤት የሆነው በዚህ ነው። አንድ ቴአትር በሳምንት ውስጥ የራሱ ቀን ይሰጠውና ለወራት፣ ከተወደደም ከዓመት በላይ ይታያል። እኔ አንዲትን ነጋዴ ሴት አንድ ዓመት ከአራት ወር ማክሰኞ ማክሰኞ ተጫውቻታለሁ። በስምንተኛው ወር ነው ይህች ሴት ብር ስትቆጥር ሰው ፊት እንደማታይ የገባኝ። ከዚያ በፊት የነበሩት ማክሰኞዎች ሁሉ ወደዚያ የሚወስዱ መንገዶች ነበሩ።

ፊልም ላይ የመጨረሻው ትዕይንት በመጀመሪያው ቀን ሊቀረጽ ይችላል። ጠዋት ባልሽን ትቀብሪያለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትዳሪያለሽ። አብራሽ የምትተውነው ሰው ቀረጻው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ለባዶ ወንበር ታወሪያለሽ። ስኒውን በየትኛው እጅሽ እንደያዝሽ፣ ነጠላሽ በየትኛው ትከሻሽ ላይ እንደነበረ ማስታወስ አለብሽ፤ አለዚያ ቅንብሩ ላይ ነጠላሽ በራሱ ይዘላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንቺ ከሰጠሻቸው አምስት ሙከራዎች የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። ጥሩ ኤዲተር ደካማ ትወናን ይሸፍናል፣ መጥፎ ኤዲተር ጥሩውን ይቆርጣል። መድረክ ላይ የሚቆርጥሽ የለም።

ካሜራ ግን የራሱ ጥበብ አለው፤ መድረክ የለመደ ሰው የሚቸገርበትም ብዙ ነው። የመጀመሪያው ፊልሜ ላይ ዳይሬክተሩ አጠገቤ መጥቶ በሹክሹክታ «እህቴ፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው» አለኝ። ለካ ለኋለኛው ወንበር እየጮህኩ ነበር። ፊት ብቻ በሚታይበት ሾት ቅንድብ ማንሳት እንኳ ብዙ ነው፤ ማሰብ ብቻ ይበቃል። ግን ልብ በይ፤ ትልቁን ማሳነስ በሳምንት ይለመዳል። ትንሹን ማሳደግ ዓመታት ይፈጃል። መድረክ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

የሬዲዮ ድራማና የድምፅ ሥራስ?

አትናቂው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ለብዙ ተዋንያን አዲስ የሥራ በር ተከፍቷል። የማይክሮፎን ፊት ሥራ የሚያስተምረው ነገርም አለ፤ ፊትሽ፣ ልብስሽ፣ እጅሽ ሁሉ ሲወሰድብሽ የሚቀረው እውነትሽ ብቻ ነው።

ሐዋሳ ሆኜ መጀመር እችላለሁ ወይስ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?

መጀመር ትችያለሽ። ቋሚ ተዋንያን ቀጥረው የሚያሠሩት ነባር ቴአትር ቤቶች፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ የማዘጋጃ ቤቱ የቴአትርና ባህል አዳራሽ፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር፣ ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። ይህን መካድ አልችልም። አንድ ቀን 275 ኪሎ ሜትሩን መሻገርሽ አይቀርም ይሆናል።

ነገር ግን ባዶ እጅሽን አትሻገሪ። እዚህ የትምህርት ቤት ክበብ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ጭውውት አለ፤ የቀበሌ የጤና ቅስቀሳ ድራማ አለ። በሲዳምኛ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ የለም። ሁለት ቋንቋ የምትተውን ልጅ ሁለት በር አላት። በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ የዘመን መለወጫ በዓል፣ የበዓሉ አደባባይ ጉዱማሌ ሄደሽ ቄጣላውን፣ የኅብረት ዜማና ጭፈራውን፣ ስሚ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ላይ ያለ ማይክ እንዴት ቃሉን አንድ አድርጎ እንደሚያወጣ፣ እርምጃው ድምፁን እንዴት እንደሚሸከመው ልብ በይ። እኔ ኅብረ ድምፅ የሚባለውን መጀመሪያ ያወቅሁት ከዚያ ነው፤ አዲስ አበባ የተማርኩት ስሙን ነው።

አማርኛዬ «የክፍለ ሀገር» ነው እያሉ ይስቁብኛል። ያግደኛል?

አያግድሽም። ቤት ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ እያወራሽ ማደግሽ ጆሮሽን አሰልጥኖታል። ገጸ ባሕርይዋ የሐዋሳ ልጅ ከሆነች ቅላጼሽ ሀብት ነው። የጎንደር ወይዘሮ ከሆነች ግን የእሷን ቅላጼ ማጥናት ግዴታሽ ነው። የአዲስ አበባ ልጅም እንዲሁ ታጠናለች፤ ማንም ከዚህ ነፃ አይደለም።

ከቅላጼ ይልቅ የሚያስፈራኝ ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም፤ ተዋናይቷ ናት ማወቅ ያለባት። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ የነገሩ አውራ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል። አንዲት ተማሪዬ «አባትሽ አለ» የሚለውን ቃል አላልታ አነበበችው። ጸሐፊው የፈለገው አባትየው በሕይወት መኖሩን ነበር፤ የተሰማው ግን አባትየው አንድ ነገር ተናግሮ መሄዱ ነው። የትዕይንቱ ምሥጢር በአንዲት «ለ» ወደቀ። ስለዚህ ስክሪፕት ሲሰጥሽ መጀመሪያ እርሳስ ያዢ፤ የሚጠብቁትን ፊደላት በሙሉ ከላያቸው ነጥብ አድርጊባቸው። ከዚያ ነው በቃል መያዝ የሚጀመረው።

ድምፄ ትንሽ ነው። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፤ የእኔም ችግር ነበርና።

እናቴ ሥራዬን አትወደውም ነበር። አንድ ቀን ሳትነግረኝ ከሐዋሳ መጥታ፣ ትኬት ቆርጣ፣ በሩ አጠገብ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሲያልቅ ውጭ ጠበቀችኝ። አላቀፈችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። «ሁለተኛው ላይ እያለቀስሽ የምትዪው አልተሰማኝም» አለችኝ። አዘጋጁ ለወራት ሲነግረኝ ያልገባኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳለቅስ ለራሴ ነበር የማለቅሰው። ትኬት ቆርጣ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ከእኔ ጋር አልነበረችም።

መጮኽ መፍትሔ አይደለም፤ ጉሮሮ ይቆርጣል፣ በሦስተኛው ቀን ድምፅሽ ይዘጋል። ትንፋሹ ከደረት ሳይሆን ከሆድ ይምጣ። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ሆድሽ ላይ ደብተር አስቀምጪ፤ ስትተነፍሺ ደብተሩ ከፍ ዝቅ ካላለ ገና ነሽ። ከዚያ ቆመሽ፣ አየሩን ሳትጨርሺ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው በይ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ትንፋሽሽ ቀድሞ ካለቀ ተመልካቹ ማን፣ የት፣ ለማን የሚለውን ሰምቶ ምን እንደተደረገ ሳይሰማ ይቀራል። ትንሽ ድምፅ ያላቸው ልጆች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፤ ድምፃቸው አይደለም የሚያንሰው፣ ግሱን ይውጡታል።

እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሐይቁ ዳር እንገናኛለን። ሁለት ሁለት እየሆኑ ተራርቀው ይቆሙና ያወራሉ። አሥር እርምጃ፣ ሃያ እርምጃ፣ ሠላሳ። ደንቡ አንድ ነው፤ ምሥጢር እንደምታወሪ ሆነሽ አውሪ፣ ጓደኛሽ ግን እያንዳንዱን ቃል ትስማ። ታቦር ተራራን እየወጡ ቃለ ተውኔት ማለትም ጥሩ ነው፤ ትንፋሽሽ የት እንደሚያልቅ ዳገቱ ያሳይሻል።

ቆንጆ መሆን አለብኝ?

የለብሽም። መድረክ የምትታይ ሴት ይፈልጋል፤ ቆንጆ ከሚለው ጋር አንድ አይደለም።

ኦዲሽን ላይ ምን ይጠየቃል? ገንዘብ ክፈይ ቢሉኝስ?

ብዙውን ጊዜ አጭር ገጽ ይሰጥሻል፤ ታነቢያለሽ፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ ተናደሽ በይው» ይሉሻል። የሚፈትኑት ለመለወጥ ፈቃደኛ መሆንሽን ነው። በቃልሽ የምታውቂው የሁለት ደቂቃ ክፍል ሁልጊዜ ይኑርሽ።

ገንዘብ ከጠየቁሽ ኦዲሽን አይደለም፤ ተነሺና ውጪ። «ለምዝገባ»፣ «ለፎቶ»፣ «ለመታወቂያ» ይሉታል። ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ቦታው አዳራሽ፣ ቢሮ ወይም ስቱዲዮ ይሁን፤ ጊዜው ቀን ይሁን። የሆቴል ክፍል፣ የሰው መኖሪያ ቤት፣ ማታ በመኪና ውስጥ፣ እነዚህ የትኛውም ታዋቂ ሰው ቢጠራሽ አይሆኑም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ። «ብቻሽን ነይ» ያለሽ ሰው የሚፈልገውን ነግሮሻል። ልጆቼን እነዚህን ቃላት እንደ ቃለ ተውኔት አስጠናቸዋለሁ፦ «ከእህቴ ጋር ነው የምመጣው። ካልተመቸዎት ይቅር።» ጮክ ብለው፣ ዓይን እያዩ እንዲሉት አደርጋለሁ፤ ያልተለማመድነው ቃል በጭንቅ ሰዓት ከአፍ አይወጣምና።

ውል መፈረም አለብኝ? ትንሽ ክፍል ብትሆንስ?

አንድ ቀን ቀረጻ ብትሆንም። እኔ አንድ ፊልም ላይ በቃል ብቻ ተስማምቼ ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። ግማሹን ከፈሉኝ፤ ቀሪው ፊልሙ ሲመረቅ ነው ተባለ። ተመረቀ፤ ፖስተሩ ላይ ፊቴ አለ፤ ገንዘቡ የለም። ስጠይቅ «ዕድል ሰጠንሽ» ተባልኩ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች፤ ያስጻፈችኝም እሷ ናት።

ውሉ ላይ ስንት ቀን እንደምትሠሪ፣ ስንት ብር፣ መቼ መቼ እንደሚከፈል፣ ትራንስፖርትና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ቀረጻው ቢራዘም ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ሥራው ከሲኒማ ቤት ሌላ በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ይታይ እንደሆነ አስጠቅሺ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናይን «ከዋኝ» ብሎ በክዋኔዋ ላይ መብት ይሰጣታል። የማታነቢውን አትፈርሚ፤ «ነገ አምጥቼ ልፈርም» ማለት ነውር አይደለም።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ማታ ቀረጻ አለ ይሏታል።

አይሆንም ይበሏቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ያደርጋል። ቀረጻው ላይ ወላጅ ይገኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መማር ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ግን ከቻልሽ ተማሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቴአትር ጥበባት ያስተምራል፤ የመድረክና የስክሪን አንጋፋ ባለሙያዎች ብዙዎቹ በዚያ በር አልፈዋል። ትምህርቱ ትወና ብቻ አይደለም፤ ድርሰት፣ ዝግጅት፣ የቴአትር ታሪክ አለው። የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ለምን እንደሚጠቅም ታያለሽ።

ከትዳርና ከወሊድ በኋላ ሥራው ይቀጥላል?

ይቀጥላል፤ ግን ሜዳው ቀጥ ያለ አይደለም። ለሃያ ዓመት ልጅ የሚጻፈው ክፍል ብዙ ነው፤ ለአርባ ዓመት ሴት «እናት» ብቻ ይጻፍላታል፤ እናቷም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ቡና ታፈላለች። ይህ ያናድደኛል። በዚህች ከተማ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡትን፣ በመነኻሪያው ሻይ አፍልተው ልጅ የሚያስተምሩትን ሴቶች የሚያውቅ ሰው ለአርባ ዓመት ሴት የሚጻፍ ታሪክ አጣሁ ሊል አይችልም።

መንገዱን ያሳየች አለች። አለምፀሐይ ወዳጆ ተዋናይት ብቻ ሆና አልቀረችም፤ ግጥም ጻፈች፣ ተውኔት ጻፈች፣ አዘጋጀች፣ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን መራች፤ አሜሪካ ከሄደች በኋላም ዋሽንግተን ላይ ጣይቱ የባህልና ትምህርት ማዕከልን አቋቋመች። የሚሰጥሽን ክፍል ብቻ ከጠበቅሽ ክፍሉ ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። ስለዚህ ከተማሪዎቼ እያንዳንዷ በወር አንድ ገጽ ለአንዲት የምታውቃት ትልቅ ሴት ትጽፋለች፤ ለአክስቷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለጉልት ነጋዴዋ። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ሴትየዋ ዘንድ ሄደው አጠገቧ ተቀምጠው መስማት ይጀምራሉ።

መድረክ ላይ ቃሉ ቢጠፋብኝስ?

ይጠፋብሻል። ሁላችንም ጠፍቶብናል።

ወደ ተመልካቹ አትዪ፣ ወደ ጣሪያውም አትዪ። አብራሽ ያለችውን ተዋናይት እያት። የገጸ ባሕርይሽን እጅ ሥራ ስጪው፤ ነጠላ አጣፊ፣ ስኒ አንሺ። ጓደኛሽ ከገባት የሚቀጥለውን ቃል በጥያቄ መልክ ትወረውርልሻለች። ባለፈው ዓመት ልጆቹ በትምህርት ቤት አዳራሽ ሲያሳዩ አንዷ እንዲህ ደረቀች። ከጎኗ ያለችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንደ እናት ጠጋ አለችና ጸጉሯን ወደ ኋላ እያደረገችላት «አባትሽ ምን አለሽ? ንገሪኝ» አለቻት። ስክሪፕቱ ላይ የለም። ቃሉ ተመለሰ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች የተለወጠ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቁም፤ ሲወጡ ስለዚያች ጸጉር ማስተካከል ነበር የሚያወሩት።